ሐይቁ ውስጥ የደፋሁት ጠበል

ይህን ነገር ለዓመታት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ይሄኛው ደግሞ ይብሳል። በየጾሙ እየሄድኩ ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን፣ ከባለቤቴ ጋር ተኳርፌ መሰንበቴን፣ ትንንሾቹን ሁሉ ዘርግፌ ትልቁን ጉያዬ ሥር እንደሸጎጥኩ እመለስ ነበር። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እል ነበር። ነበረ። አሁን መስማት የሚገባቸው ሰዎች ሰምተውታል፤ እኔም ደረቴ ቀሎኛል። የቀራችሁት እናንተ ናችሁና ስሙኝ። ብቻ ቶሎ አትዘኑልኝ።

የሠራሁት ይህ ነው። ያሳደጉኝ አክስቴ ለሕክምና ባንኮክ በሄዱ ጊዜ ከአዲስ አበባ ድረስ ይዘውት የመጡትን ጠበል መናፈሻ ውስጥ ካለ ሐይቅ ደፋሁት። ደፋሁትና ጀሪካኑን ከመናፈሻው በር ላይ በገዛሁት ውሃ ሞላሁት። ሞልቼም ሰጠኋቸው። እሳቸው ጠበል ነው ብለው ጠጡት፤ ዳኑ፤ ጠበሉ አዳነኝ ብለው በሰው ፊት መሰከሩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ።

እቴቴ የምላቸው የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ስትሞት ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቁጣቸው ቅርብ ነው፤ ሳቃቸውም እንደዚያው። ሰው ፊት ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ሐኪሞቹ ውጭ ቢታከሙ ይሻላል ሲሉ ዘመድ ሁሉ ተረባርቦ ባንኮክ ላካቸው። ልጃቸው እዚህ ሲያትል ቢኖርም ያኔ ወረቀቱ ስላላለቀለት ከአሜሪካ መውጣት አይችልም ነበር። ስለዚህ ከዚሁ ከሲያትል አስታማሚ ሆኜ እኔ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ የነርስ ረዳትነት እማር ነበር። ጥቂት ምዕራፍ ያነበበ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ከሐኪሙ በላይ ሐኪም እሆን ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበላቸው ገና ሳንሳሳም «ሻንጣዬን ቀስ አድርገሽ ያዢው፣ ጠበሉ አለበት» አሉኝ። አንዲት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን በነጠላ ተጠቅልላ፣ በሽሮና በበሶ መሃል እንደ ሕፃን ተኝታ ነበር። ከሰፈራችን ከቅዱስ ሚካኤል ራሳቸው ተሰልፈው የቀዱት ነው፤ በዚያ ሕመማቸው።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። እዚያ ሆስፒታል ለሕክምና የሚመጣ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ አማርኛ አስተርጓሚ አለ። ሐኪሙ በእሱ በኩል ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ ይራመዱ፤ ሁለተኛ አንጀታቸው እስኪያገግም የታሸገ ውሃ ብቻ ይጠጡ። እቴቴ በጥሞና ሰምተው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ዓይናቸውን እንደገለጡ ጀሪካኑን ጠየቁኝ፤ በስኒ ቀድተው ጠጡ።

«እቴቴ፣ ያልተፈላ ውሃ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ጠበል ይፈላል እንዴ? እንቺ፣ አንድ ጊዜ ቅመሺና ልብ ግዢ!»

ከሆስፒታሉ አቅራቢያ ሉምፒኒ የሚሉት መናፈሻ አለ። መሃሉ ላይ ሐይቅ አለው፤ ዙሪያውን የከተማው ፎቆች ከዛፎቹ በላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩታል። ፀሐይ ሲበርድ አገሩ ሁሉ እዚያ ነው። የሚሮጠው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሮጣል፤ ሴቶቹ በሙዚቃ ስፖርት ይሠራሉ፤ ውሃው ላይ በእግር የሚዘወሩ ዝይ የሚመስሉ ጀልባዎች አሉ። እቴቴን ለማራመድ በየቀኑ የምወስዳቸው እዚያ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አንድ ትልቅ አርጃኖ ከሐይቁ ወጥቶ ፊት ለፊታችን መንገዱን ሲያቋርጥ እቴቴ «አዞ! አዞ!» ብለው ክንዴ ላይ ተንጠለጠሉ። ሯጮቹ ዘወር እንኳ ሳይሉ አለፉት። እቴቴ ይህን ሲያዩ መሳቅ ጀመሩ፤ ስፌታቸው እስኪያማቸው፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አርጃኖውን «ያ ሰውዬ» ይሉት ጀመር። «ዛሬ ያ ሰውዬ አልመጣም?» ይሉኛል። አንድ አግዳሚ ወንበር ለይተን ነበር፤ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ሐይቁን ከጎን የሚያሳይ። እውነቱን ልናገር፣ ከእቴቴ ጋር እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። በደሉን የሠራሁት በጣም በምወደው ቦታ ነው።

ጀሪካኗ ከእኛ አትለይም። የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኞች ዕቃ መስሏቸው እንዳይጥሏት ስለሚፈሩ በፌስታል ይዘናት እንሄዳለን። ተሸካሚዋ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን እንደተቀመጥን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። ዘመዶች ተሰብስበው እንኳን አተረፈሽ ይሏቸዋል። እቴቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሚካኤል ነው ያተረፈኝ። ጠበሉ ነው። ሌላ ማን አለኝ?» አሉ። ሌላ ማን አለኝ። እኔ እኮ አጠገባቸው ነኝ። ትምህርቴን አቋርጬ ባሕር ተሻግሬ የመጣሁ፣ ወንበር ላይ እየተኛሁ ያስታመምኩ፣ ሲያስመልሳቸው ግንባራቸውን የያዝኩ እኔ፣ ጀሪካናቸውን ታቅፌ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩና «ሂሩትዬ፣ ጀሪካኗ ላይዋ ተጨማለቀ፤ እስኪ ከስኒዋ ጋር ቧንቧው ጋ ወስደሽ አለቅልቂልኝ» አሉኝ።

ተነሥቼ ሄድኩ። ቧንቧውን አልፌ፣ የሐይቁ ዳር ድረስ ወረድኩ። ጎንበስ አልኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። ደፋሁት።

ይህን በማደርግበት ደቂቃ ከየዛፉ ላይ ድምፅ ማጉያ ጮኸ፤ መዝሙር። ሯጮቹ ሁሉ ባሉበት ቀጥ አሉ። ስፖርተኞቹ እጃቸውን አወረዱ፤ ጀልባዎቹ ቆሙ፤ ጋሪ የምትገፋ እናት ቆመች። የታይላንድ ብሔራዊ መዝሙር ነው፤ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ሲሰማ ሁሉም ይቆማል። እኔ ግን ለወትሮው ከዚያ ቀደም ብለን ወደ ክፍላችን እንመለስ ስለነበር አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የእኔን ሥራ ለማየት የቆመ መሰለኝ። እኔም ቆምኩ፤ በአንድ እጄ የተዘቀዘቀ ጀሪካን እንደያዝኩ። በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ ከመዝሙሩ ጋር አብሮ የሚሰማው የእኔ ውሃ ነው፤ ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ልቀናው እችል ነበር። ግማሹን ላተርፈው እችል ነበር። አላቀናሁትም። መዝሙሩ ሲያልቅ የቀረውን አራገፍኩት፤ ቧንቧው ጋ ሄጄ ውስጡን አለቀለቅሁት፤ በሩ ላይ ከምትቸረችር ሴት የታሸገ ውሃ ገዝቼ ሞላሁትና ተመለስኩ።

ለምን ቆየሽ እንደሚሉኝ ጠብቄ ነበር። እቴቴ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ ሆነው የሚያዩት ጀርባዬን ብቻ ነበር።

«አየሽ? አየሽ ሂሩትዬ? ጠበሉን ይዘሽ ስታልፊ ሕዝቡ ሁሉ ቆመ! ደወል ተደወለ፣ ቆሙ! ያ ሰውዬ እንኳ ባለበት ቆመ!»

ምን ማለት ነበረብኝ? ምን እንደሆነ አላውቅም ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። «አዎ እቴቴ፣ አየሁ» አልኩ። ከመድፋቴ ይልቅ ያቺ «አየሁ» ትከብደኛለች።

ለምን ደፋሁት? ለዓመታት ለራሴ የሰጠሁት መልስ ጥሩ ነበር፤ ጀርም ፈርቼ፣ የሐኪም ትእዛዝ አክብሬ፣ ሕይወታቸውን ላድን። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም። ግን ፈርቼ ቢሆን ኖሮ አስተርጓሚውን ጠርቼ ሐኪሙ እንዲነግራቸው አደርግ ነበር። አፍልተው ይጠጡት ብዬ እለምን ነበር። ይቀቡት እንጂ አይጠጡት ማለትም እችል ነበር። አንዱንም አላደረግኩም። እውነቱን ልንገራችሁ? ቀንቼ ነው። በሰው ቢቀና ያባት ነው፤ እኔ በጀሪካን ቀናሁ። ምስጋናዬን ቀማኝ ብዬ ጠበል የደፋሁ ሴት ነኝ። በመልአክ ስም የተቀዳ፣ የታመመች ሴት ቆማ የቀዳችው ጠበል፤ እኔ ደፋሁት።

እቴቴ ደህና ሆነው አገራቸው ገቡ። ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ወረቀቱ ተስተካክሎለት ወደ ሲያትል አመጣቸው፤ ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር ከእሱ ጋር ይኖራሉ። በመምጣታቸው ተደሰትኩ፤ ሻንጣቸው ሲከፈት ግን ያቺ ቢጫ ጀሪካን ብቅ አለች። ከዚያ ውሃ ጥቂት አስቀርተው በትንሽ ጠርሙስ ይዘው ነበር። ጠርሙሱን ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ሥር አስቀመጡት። ከዚያም ምስክርነቱ ተጀመረ። በየወሩ በሚካኤል ማኅበር ይናገራሉ፤ አንድ ጊዜም ቤተ ክርስቲያን አውደ ምሕረት ላይ ቆመው ተናገሩ። ታሪኩ ባደረ ቁጥር ያምራል። አርጃኖው እንኳ መቆም ብቻ ሳይበቃው ራሱን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። መጨረሻው ግን ሁሌ አንድ ነው፤ በሰው መሃል በዓይናቸው ይፈልጉኝና «ሂሩት ምስክሬ ናት፤ አይታለች» ይላሉ። ራሴን እነቀንቃለሁ። ሰዉ እልል ይላል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔን ውሸት ግን እቴቴ ሳያውቁ ሌላ ሰው ላይ ጭነውት አየሁ።

ያ ሌላ ሰው ሰናይት ናት። ሰናይት በዲቪ የመጣች፣ ኖርዝጌት ሰፈር የምትኖር፣ አንዲት ሴት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ የማኅበራችን አባል ናት። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ። ሐኪሞቹ ቶሎ ስለደረስንበት ይድናል፣ ግን ኬሞውን አሁን መጀመር አለብሽ አሏት። በቅርቡ አንድ እሑድ ማኅበር ላይ እቴቴን ይዛ ስታወራ አየኋት። ከማኅበሩ በኋላ እሷንና ልጇን በመኪናዬ ወደ ቤታቸው ሳደርስ መንገድ ላይ ነገረችኝ።

«ሶ፣ አፖይንትመንቱን ካንስል አደርገዋለሁ። እቴቴ የዚያን ጠበል ትራፊ ለሚቀጥለው እሑድ ይሰጡኛል። ከዚያ አገር ቤት ገብቼ እጠመቃለሁ።»

«እቴቴ እኮ ኦፕሬሽን ተደርገዋል ሰኒ።»

«አውቃለሁ፤ ግን ያዳናቸው ጠበሉ ነው። አንቺ ራስሽ አይተሻል አይደል?»

ከኋላ ወንበር ልጅቷ ቀና ብላ «ማሚ ኢዝ ጎና ቢ ኦኬ፣ ራይት?» አለች። ማንን እንደጠየቀች አላውቅም። እናቷ «ዬስ ማማዬ» አለቻት። እኔ መንገዱን አየሁ። አንቺ ራስሽ አይተሻል። የደፋሁት ጠበል ሐይቁ ውስጥ አልቀረም ለካ፤ ዞሮ ዞሮ የዚያች ልጅ እናት ደጅ ደርሷል።

ረቡዕ የእረፍት ቀኔ ነው። ጠዋት ኦቴሎ ሄድኩ። እቴቴ ብቻቸውን ተቀምጠው በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። «ነይ፣ ዓይንሽ ደህና ነው፤ አብረሽኝ ልቀሚ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ትንሽ ለቀምኩ። ከዚያ ቀና ሳልል ተናገርኩ።

«እቴቴ፣ የባንኮኩን ጠበል እኔ ደፍቼዋለሁ።»

«የቱን?»

«እርስዎ ጠጣሁ የሚሉትን። ሐይቁ ውስጥ ደፋሁት። በሩ ላይ የገዛሁትን ውሃ ሞላሁበት። የጠጡት እሱን ነው። እዚያ ሥዕሉ ሥር ያለውም እሱ ነው።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮሁ እንዴት ደስ ባለኝ! እቴቴ ግን በጣም ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«አራግፈሽ ነው የደፋሽው?»

የጠበል ነገር የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ጠበል እንዳያልቅ ጥቂት አስቀርተው ውሃ ይጨምሩበታል፤ ጥቂቱ ብዙውን ይባርከዋል ይላሉ። ከጀሪካኑ ሥር ጠብታ ቀርቶ ከነበረ የእቴቴ ምስክርነት እንዳለ ይቆማል። የእኔም ጥፋት ግማሽ ይሆናል። እቴቴ በሩን ከፍተው ይዘውልኛል፤ «ትንሽ ሳይቀር አይቀርም» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ምላሴ ላይ ነበረች። እግዚአብሔር ያያል፣ ምላሴ ላይ ነበረች። ግን ጠርሙሱ ከሥዕሉ ሥር ተቀምጦ እሑድን ይጠብቃል።

«አራግፌ ነው እቴቴ። በቧንቧም አለቅልቄዋለሁ።»

ሰፌዱን ከጭናቸው አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ታዲያ በሐሰት መሰከርኩ በይኛ» አሉ። «መድፋቱንስ ደፋሽው፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ሚካኤልም ሌላ ጠበል አያጣም። እኔን ግን በእግዚአብሔር ቤት ሐሰተኛ ምስክር አድርገሽ አቆምሽኝ። ያን ሁሉ ጊዜ። ዓይን ዓይንሽን እያየሁ።»

እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ጥፋቴ መድፋቴ ይመስለኝ ነበር። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ እኔንም አላባበሉኝም። ሲበቃኝ ጠብቀው «ለምን ዛሬ?» አሉኝ። የሰናይትን ነገርኳቸው።

«ሕክምናውን ትታ? እኔ ተዪው ብያታለሁ?»

«እርስዎ አላሏትም። ታሪኩ ነው ያላት።»

ተነሡ። ከሥዕሉ ሥር ጠርሙሱን አንሥተው ወደ ብርሃን አድርገው አዩት፤ ከዚያ አበባቸው ሥር ቀስ አድርገው አፈሰሱት። «ነጠላዬን አቀብዪኝ፤ መኪናሽን አስነሺ» አሉኝ።

መንገድ ላይ የቀረችኝን አንዲት ነገር አወጣሁ። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ሕዝቡ የቆመው ለጠበሉ ሳይሆን ለብሔራዊ መዝሙራቸው እንደሆነ ነገርኳቸው። እቴቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እሱን እንኳ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ቀጠል አድርገው «በእኛም ጊዜ ባንዲራ ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ይቆም ነበር እኮ። እንዴት አላወቅኩም?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ያ ሰውዬስ? እሱም ለባንዲራ ነው የቆመው?»

ሳቄ አመለጠኝ። አፍሬ ልውጠው ስል እሳቸውም ሳቁ፤ የድሮ ስፌታቸውን በእጃቸው ደግፈው። ከዚያ ወዲያው ፊታቸው ተመለሰ።

ሰናይት ቤት እቴቴ አልተቀመጡም። ቆመው፣ ማኅበር ላይ እንደሚናገሩት ተናገሩ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ የጠጣሁት ከበር ላይ የተገዛ ውሃ ነው። ዕጢውን ያወጣው ሐኪም ነው። ሐኪሙን የሰጠኝ ሚካኤል ነው፤ እሱን አልክድም። የነገርኩሽ ታሪክ ግን ውሸት ነው፤ ሳላውቅ ዋሽቼሻለሁና ይቅር በዪኝ።» በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ኩራታቸው፣ ለእኔ ጥፋት እሳቸው ዝቅ ብለው ይቅርታ ሲለምኑ አየሁ። ከዚያ የሚበልጥ ቅጣት ማንም አልቀጣኝም።

ሰናይት እኔን አየችኝ። «ለምን ያኔ አልተናገርሽም? ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ተቀምጠሽ ራስሽን ስትነቀንቂ?» አለችኝ።

«ቀጠሮውን ሰርዘሻል?» አሏት እቴቴ።

«ትናንት ኮል አድርጌ ካንስል አድርጌዋለሁ።»

«እንግዲያው መልሰሽ ደውዪ። እስኪያነሱ እዚሁ ነኝ።»

ደወለች። የማስጠበቂያ ሙዚቃ በስፒከር መጣ። እቴቴ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። ቀና ብለው «ይሄስ የማን መዝሙር ነው?» ሲሉኝ ሰናይት በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። ነገሩ ያልገባት ልጇ እንኳ አብራ ሳቀች። የሆስፒታሉ ሰው ስልኩን አነሣ። ቀጠሮው ተመለሰ። ያን ጊዜ አየር ወደ ውስጥ ስስብ እስከ ታች ድረስ ገባልኝ፤ ስንት ዓመት ግማሽ ትንፋሽ ስተነፍስ እንደኖርኩ ያወቅኩት ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ማኅበር እቴቴ ታሪኩን ራሳቸው አረሙት፤ እኔን አጠገባቸው አቁመው። ስለ ራሴ ግን እኔው እንድናገር ተዉኝ። ተናገርኩ። አንዳንዱ አዘነብኝ፤ አንዳንዱ እስካሁን ሰላምታው ቀዝቅዟል፤ ይገባኛል። ለንስሐ አባቴም ሄጄ ትልቁን አወጣሁ። ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ እየፈጸምኩ ነው። «ሌላስ?» አሉኝ። «ሌላ የለም አባ» አልኩ። ያቺ ቃል ስትወጣ ጣፈጠችኝ።

እቴቴ ግን ይቅር ብዬሻለሁ ብለው በአፋቸው አላሉኝም። እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ዝም ብለው ይጠሩኛል፣ ያዙኛል፣ ይቆጡኛል። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። አልተሳሳትኩም፤ አውቄ ነው። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ሐኪሙ አዟል አልልም፤ ሐኪሙ ድፊው አላለኝም። ደፋሁት፤ ከደፋሁት በኋላም ዋሸሁ።

ሰናይት ኬሞውን በጀመረችበት ሰሞን እቴቴ ደወሉልኝ። «ነርሷን ጠይቂልኝ፤ ጠበል ፊቷን ብናስነካት ይከለከላል?» አሉኝ። ጠየቅኩ። መጠጣት አይቻልም፣ ፊቷን ብታስነካ ግን ግድ የለም ተባለ። ቤታቸው ሄጄ ይህን ስነግራቸው ያቺን ቢጫ ጀሪካን ከአልጋቸው ሥር አውጥተው አቀበሉኝ። ከቤተ ክርስቲያን ቀድተሽ ሆስፒታል አምጪ አሉኝ።

ቀዳሁ። ጀሪካኑን ከእጄ እንዳልለቅ መኪናዬን ትቼ በባቡር ሄድኩ። ወንበር ነበር፤ አልተቀመጥኩም፤ ጀሪካኑን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ባቡሩ በታጠፈ ቁጥር ክዳኑን እየያዝኩ ቆሜ ሄድኩ። ስደርስ እቴቴ ሰናይት አጠገብ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ የመድኃኒቱ ውሃ በቱቦው ይወርዳል። እቴቴ ዳዊታቸውን አጠፉና ጀሪካኑን ከእጄ ተቀበሉ። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሙሉ ነው» አሉ።